ሲ ዲፍ ምንድን ነው? ከአንቲባዮቲክ በኋላ ስለሚመጣው ተቅማጥ

የጦሳ ብርድ ሲበረታ ደሴ ውስጥ ጉንፋን የማይገባበት ቤት የለም። አምና አንዲት አዛውንት ጎረቤታችንን ክፉኛ ያዛቸው። ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ተገዛላቸው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሳምንት ሳይሞላ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ጀመራቸው። «አሜባ ነው» ተባለና የተቅማጥ ማስቆሚያ ኪኒን ተጨመረ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «እማማ፣ ሰሞኑን ምን መድኃኒት ወስደው ነበር?» የሚል ነበር። ሲ ዲፍ የሚለውን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሲ ዲፍ ባክቴሪያ ነው፤ ሙሉ ስሙ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ነው። ዲፊሲል በላቲን «አስቸጋሪ» ማለት ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደጉ ስላስቸገረ ነው። ከአንቲባዮቲክ ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ግን በ1978 ነው።

ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሰኞ ገበያ ላይ ነባሮቹ ነጋዴዎች በሙሉ አንድ ቀን ቢቀሩ ቦታውን ማን እንደሚይዘው አስቡት። አንቲባዮቲክ ጠቃሚዎቹንም ይጠርጋል። ሲ ዲፍ ያኔ ይራባና የአንጀትን ግድግዳ የሚያቆስል መርዝ ይረጫል። ከዚያ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት ይመጣል። ሲብስ አንጀት ይነፋል፣ ሊበሳም ይችላል። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑና ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ። ከአንቲባዮቲኮቹ መካከል ክሊንዳማይሲን፣ ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮ በዚህ በኩል ስማቸው ይነሳል።

ከአንቲባዮቲክ በኋላ የመጣ ተቅማጥ ሁሉ ሲ ዲፍ አይደለም። አብዛኛው መድኃኒቱ ሲያበቃ ይተዋል። ሲ ዲፍ ከሆነ ግን ማስቆሚያ ኪኒን መርዙን አንጀት ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። ሐኪሙ የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ያስቆማል፤ ከዚያም ቫንኮማይሲን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ያዛል፣ በአፍ የሚወሰደውን። በደም ሥር የሚሰጠው ትልቁ አንጀት በበቂ አይደርስም። ከአምስት ሰው አንዱን ገደማ ተመልሶ ይይዘዋል።

አስታማሚዎች፣ አደራ፦ ይህ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል ዘር መሰል ጠንካራ ነገር ይሠራል፤ በአልኮል የተሠራ ሳኒታይዘር አይገድለውም። እጃችሁን በውሃና በሳሙና ፈትጋችሁ ታጠቡ፤ ሽንት ቤቱንና የበሩን እጀታ በበረኪና አጽዱ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ያዙ፤ ሁለት ሦስት ወር ያለፈውም ቢሆን።