«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ማለት ምን ማለት ነው? ያለ ስክሪፕት ከሚኖር ኮሜዲያን ጋር

ይቺን አባባል አብዛኞቻችን የሰማናት ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። አንዱ ሳያስበው የሆነ ነገር ይለጥፋል፣ ሰው ይቀየማል፣ ቤቱ ጭጭ ይላል፣ ከዛ አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አርገው «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ትርጉሙ ግልፅ ነው፣ የተናገርከውን መልሰህ መዋጥ አትችልም። ምስጢር ነግረህ «አደራ ለማንም እንዳትተነፍስ» ብትልም ያው አልፏል፣ አንተ ራስህ ተንፍሰሃል።

ግን ቃሉን ቆም ብለን እንየው እስቲ። አፋፍ ገደሉ አይደለም፣ የገደሉ ጫፍ ነው፣ ሜዳው ከመቆረጡ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ዳር። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ይሄን ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፣ ከብት እየጠበቀ ከአፋፍ ላይ ድንጋይ ያንከባለለ ልጅ ድንጋዩ «ና ተመለስ» ቢሉት እንደማይመለስ ያውቀዋል። የድምፁም ጨዋታ አለ፣ አፍ፣ ካፍ፣ አፋፍ። «ካፍ ከወጣ ገደል» ቢባል ትርጉሙ ብዙም አይቀየርም፣ ግን ማንም አያስታውሰውም ነበር። ደሞ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች፣ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከታች ካለው አገር ሁሉ ይታያል፣ ሰው ለመጣራትም የሚወጣው አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ በኔ ግምት አባባሉ ሁለት ነገር ይዟል፣ ቃልህ አይመለስም፣ ከዛም በላይ ሁሉም ሰው ያየዋል።

እና ይሄን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ አንድ ቁመተ ሎጋ ፈረንጅ ነው፣ ራያን ስታይልስ። ሰውዬው ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ዕድሜውን ሙሉ እንጀራው ያልተዘጋጀበትን ነገር ሰው ፊት መናገር ነው፣ ማለት አፋፉ ላይ ነው ቢሮው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1959 ሲያትል ተወለደ፣ ወላጆቹ ካናዳውያን ናቸው፣ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው፣ ያደገውም ቫንኩቨር አጠገብ ሪችመንድ የምትባል ከተማ ነው። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ስታንድአፕ ኮሜዲ ጀመረ (ልጆቻችሁ ይሄን አያንብቡ)። በ1986 ቫንኩቨር ላይ ኤክስፖ የሚባለው የዓለም ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ሰከንድ ሲቲ የሚባለው የኮሜዲ ቡድን ውስጥ ገባ፣ ቡድኑ ቺካጎ የተመሰረተው እሱ በተወለደበት በ1959 መሆኑ ይገርመኛል። ከዛ ቶሮንቶ፣ ከዛ ሎስ አንጀለስ፣ ከዛ በ1989 እንግሊዝ ውስጥ «ሁዝ ላይን ኢዝ ኢት ኤኒዌይ» የሚባለው ሾው ላይ ብቅ አለ፣ የአሜሪካው ቨርዥን በ1998 ሲጀመርም ዋናው ሰው እሱና ከቫንኩቨር ጀምሮ የሚያውቀው ኮሊን ሞክሪ ናቸው።

የሾው አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ስክሪፕት የለም፣ ተመልካቹ ወይ አቅራቢው ርዕስ ይሰጣል፣ እነሱ እዛው ይጫወታሉ፣ አቅራቢው ነጥብ ይሰጣል ነጥቡ ግን ለምንም አይጠቅምም። አሁን አስቡት፣ አንዱ ይወጣና ጓደኛውን «ዶክተር፣ እግሬ ጠፋብኝ» ይለዋል። አለቀ፣ ከአፉ ወጥቷል። ጓደኛው «ኧረ እግርህ ይኸው» ቢል ጨዋታው እዛው ይሞታል። የኢምፕሮቭ (እንዲህ ያለ ስክሪፕት እዛው የሚፈጠር ጨዋታ) የመጀመሪያ ህግ የተሰጠህን ተቀበልና ጨምርበት ነው፣ «የትኛው፣ ትናንት ያከምኩት ነው?» ማለት አለብህ። ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም እኮ! አዝማሪ ቤት ግጥም የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው? «ተቀበል!» አዝማሪው ግጥሙ ቤት አይመታም፣ ስድብ አለበት ምናምን ብሎ አይከራከርም፣ ማሲንቆውን ይዞ ይቀበላል፣ አጣፍጦም ይመልሰዋል። ለኔ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የጥያቄው ግማሽ ነው፣ መልሱ «ተቀበል» ነው።

የሚገርመው ስታይልስ ራሱ ግጥም አይወድም። ሾው ላይ ሆዳውን የምትባል ጨዋታ አለች፣ አራቱም በተሰጠው ርዕስ እዛው ፈጥረው ቤት የሚመታ አንድ አንድ ስንኝ ይዘፍናሉ፣ እሱ እንደሚጠላት በግልፅ ይታወቃል፣ አንዳንዴ ስንኙ ራሱ የጥላቻው መግለጫ ነበር። አንድ ጊዜ ደሞ ጭንቅላቷ ያገኘችው ነገር ላይ የሚጣበቅባትን ሴት ሆኖ ሲጫወት የአቅራቢውን ጠረጴዛ መብራት በግንባሩ ሰበረው። የተሰበረ መብራት እንደ ቃል ነው፣ አይመለስም፣ እነሱም ሳቅ አረጉት።

እውነቱን ለመናገር ግን ቲቪ ትንሽ ያጭበረብራል። በአንድ ቀረጻ ሰዓታት ይቀረፅና ለስርጭት የሚደርሰው 20 ምናምን ደቂቃ ነው፣ ሰው ያልሳቀበት ቀልድ እንዳልነበረ ይሆናል፣ ማለት ኤዲተሩ ከአፋፍ ላይ ሲለቅም ያድራል። ስክሪፕት ያለውም ስራ ሰርቷል፣ ከ1995 እስከ 2004 ድሩ ኬሪ ሾው በሚባለው ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ ሉዊስ ሆኖ፣ ቱ ኤንድ ኤ ሃፍ ሜን ላይ ደሞ የህፃናት ሐኪሙን ኸርብን ሆኖ። በ1999 ድሩ ኬሪ ሾው አንድ ክፍሉን በላይቭ አስተላለፈ፣ ለየሰዓት ቀጠናው እንደገና እየተጫወቱ፣ መሃል መሃል ላይ ኢምፕሮቭ እየጨመሩ። እኔ ብሆን ያን ቀን አመመኝ ብዬ እቀር ነበር።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ አባባሉ ከመናገር በፊትም (እንደ ማስጠንቀቂያ) ከተናገሩ በኋላም (እንደ ማዘን) ይሰራል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ከሚለው ጋር የሚያምታቱት አሉ፣ እሱ ግን ስለ ቃል መጠበቅ ነው፣ ቃል ገብተህ አትክዳ ነው፣ በጣምም ይከብዳል። አፋፉ ቀለል ይላል፣ ለቀልድም ይሆናል።

ስታይልስ በ2004 ዋሽንግተን ስቴት ቤሊንግሃም ውስጥ አፕፍሮንት ቲያትር የሚባል የኢምፕሮቭ ቤት ከፈተ። ሾውም በ2013 እንደገና ሲጀምር ተመልሶ ገብቷል። ቲያትሩ መድረክ ላይ ግን ቆርጦ የሚያወጣለት ኤዲተር የለም፣ ያለው ከፊቱ የቆመው ጓደኛው ብቻ ነው።