የእንግሊዝኛ ገላጮች በፈተና ላይ፦ ከኮማው ቀጥሎ ማን አለ?

ገላጭ ወይም ሞዲፋየር ሌላ ቃልን የሚያብራራ ቃል ወይም ሐረግ ነው። ቅጽል የሚገልጸው ስምን ነው፤ ተውሳከ ግስ ደግሞ ግስን፣ ቅጽልን ወይም ሌላ ተውሳከ ግስን። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው ነጥብ የሚጥለው ግን ትርጉሙ ላይ ሳይሆን ገላጩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

ለምን? «ወደ ቤት ስሄድ ዝናቡ ጀመረ» ስንል ማንም አይደናገርም። «ስሄድ» የሚለው ቃል ሂያጁ እኔ መሆኔን በሆዱ ይዟል። የእንግሊዝኛው «ዎኪንግ» ግን እኔም ልሂድ፣ አንቺም ሂጂ፣ እነሱም ይሂዱ ያው «ዎኪንግ» ነው። ባለቤቱን አይናገርም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በእንዲህ ያለ ሐረግ ሲጀምር እንግሊዝኛ ባለቤቱን ከኮማው ቀጥሎ ይፈልጋል። «ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ» ከተባለ ወደ ቤት ሲሄድ የነበረው ዝናቡ ሆነ ማለት ነው! ይህ ዳንግሊንግ ሞዲፋየር ይባላል፤ ባለቤት አጥቶ የተንጠለጠለ ገላጭ። «ዎኪንግ ሆም፣ አይ ጎት ዌት» ቢባል ይስተካከላል። «ጆሮህን እመን» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ለእኛ አይሠራም። ጆሯችን የለመደው ባለቤቱን ይዞ የሚመጣ ግስ ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ አይቆረቁረንም።

በጣም ተንኮለኛው ወጥመድ ይሄኛው ይመስለኛል፦ «ኖውን ፎር ሂዝ ክሊር ስታይል፣ ዘ ራይተርስ ቡክስ ሶልድ ዌል»። ጸሐፊው ከኮማው አጠገብ ያለ ይመስላል። ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ጸሐፊው ሳይሆን መጻሕፍቱ ናቸው። በአጻጻፍ ስልቱ የታወቀው ደግሞ ሰውየው ነው። «ዘ ራይተር ሶልድ ሜኒ ቡክስ» የሚል ምርጫ ካለ መልሱ እሱ ነው።

ቦታውን የሳተ ገላጭም አለ። «ሺ ፋውንድ ኤ ሌተር ኢን ዘ ድሮወር ዛት ዋዝ አንሳይንድ» ብንል ያልተፈረመበት መሳቢያው ይመስላል። «አንሳይንድ»ን ከ«ሌተር» ፊት ማምጣት በቂ ነው። «ኦንሊ» ደግሞ በተዛወረች ቁጥር ትርጉም ትቀይራለች። «ኦንሊ አይ ሬድ ዘ ፈርስት ፔጅ» ካልን ከእኔ ሌላ ያነበበ የለም። «አይ ሬድ ኦንሊ ዘ ፈርስት ፔጅ» ካልን ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍኩም።

የቅጽልና የተውሳከ ግስ ምርጫ ብዙ አያስቸግርም። «ስሜል»፣ «ቴስት»፣ «ሲም» የመሳሰሉት ግሶች ስለ ባለቤቱ ሁኔታ ሲናገሩ ቅጽል ይከተላቸዋል፤ «ስሜልስ ጉድ» እንጂ «ስሜልስ ዌል» አይባልም። «ሃርድሊ» ደግሞ «በትጋት» ሳይሆን «እምብዛም» ማለት ነው።

ዲጂታሉ ኤስኤቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና) በንባብና ጽሕፈት ክፍሉ 54 ጥያቄዎችን በ64 ደቂቃ ያስፈትናል፤ የገላጭ ቦታ ከሚፈተኑት የሰዋስው ነጥቦች አንዱ ነው። ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ግን በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲስ ቅርጹ የዐረፍተ ነገር እርማት ጥያቄን አስቀርቷል። በኤስኤቲ ብዙ ጊዜ መግቢያው ሐረግ ይሰጥና ከኮማው በኋላ ያለው ባዶ ይሆናል። ያኔ አራቱን ምርጫዎች እስከ መጨረሻ ማንበብ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ባለቤት ብቻ ማየት ነው። ሐረጉ በ«ራይቲንግ» ከጀመረ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። በ«ሪትን» ከጀመረ ግን የተጻፈው ነገር፣ ደብዳቤም ይሁን ልብ ወለድ፣ ከኮማው ቀጥሎ መምጣት አለበት።