«መብራቱን የምትጨርሰው ተከራይዋ ናት» እና ሌሎች ከባሕር ዳር ባለቤቶች የምሰማቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የቤት መስመር ስዘረጋና ስጠግን አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤት ሊሸጡ ወይም ሊያከራዩ የተነሡ ሰዎች «መጥተህ የመብራቱን ነገር እይልኝ» ብለው ይጠሩኛል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ይቀጥል። የሚያደክመኝ ግን ገና በሩ ላይ የሚቀበለኝ ወሬ ነው፤ ከሽምብጥ እስከ ዘንዘልማ አንድ ዓይነት ነው።

«ቤት ሲሸጥ መብራት ማስፈተሽ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው መመሪያ ወዲህ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ይቀርባል። በእንግሊዝ ወረቀቱ ለ10 ዓመት ያገለግላል፣ ቤቱም ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይወጣለታል። እኛ ዘንድ ስም ሲዛወር እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ እዚያ ዋናው ጥያቄ በብርድ ወራት ቤቱን ለማሞቅ ስንት ይወጣል የሚለው ነው። እኛ ቤት አናሞቅም። እኛ ያለን ምጣድ፣ ቦይለር፣ ቆርቆሮና ከቆርቆሮው ሥር የተጎተተ አሮጌ ሽቦ ነው። ስለዚህ እኔም የምፈትሸው እነዚህኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

«ቤቱ ምንም የለበትም፤ ሂሳቡን የሚያንረው የተከራይ ጠባይ ነው።»

ሰርቪስ ቤት ያለው ግቢ ሁሉ ይህን ይላል። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤተሰብ፣ ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ወይም በአምፖል ቁጥር ይከፈላል፣ ወሩ ሲደርስ ጠብ ይነሣል። ካውያ የተከለከለበት፣ ስቶቭ የተከለከለበት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መብራት የሚጠፋበት ግቢ አውቃለሁ። ፖሊ ስማር የተከራየሁበት ግቢ እንዲህ ነበር፤ ለፈተና በሻማ አጥንቻለሁ። ያኔ ቆጣሪ ማንበብ ባውቅ ኖሮ የዚያን ቤት ችግር በአንድ ምሽት አገኘው ነበር።

ሽምብጥ ውስጥ አንድ ግቢ ልንገራችሁ። ትልቁን ቤት ለመሸጥ ያሰቡ እናት ጠሩኝ፤ ከጓሮ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሏቸው። ገና ሳልቀመጥ «አንዲት ሆቴል የምትሠራ ልጅ ነበረች፣ ስቶቭ ደብቃ ትጥድ ነበር። እሷን አስወጣኋት፣ ሂሳቡ ግን አልቀነሰም፤ ሌሎቹም ከእሷ ተምረዋል ማለት ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ቆጣሪውን እንጠይቀው» አልኳቸው።

የግቢው ሰው ሁሉ እቃውን ከሶኬት ነቀለ፣ አምፖሉም ሁሉ ጠፋ። ብሬከሮቹን ግን አልነካንም። ከዚያ በር አጠገብ ወዳለው ቆጣሪ ሄድን። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ ኃይል ባለፈ ቁጥር ብልጭ ትላለች፤ ከጎኗም ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ተጽፏል። የእሳቸው 1600 ይላል። ምንም የሚሠራ እቃ የሌለበት ቤት ውስጥ ቀይዋ መብራት ዝም ማለት ነበረባት። እሷ ግን በየ9 ሰከንዱ ብልጭ ትላለች። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ ብለው አብረውኝ ቆጠሩ። «ልጄ፣ ሁሉንም ነቅለናል እኮ፤ ታዲያ ማን ነው የሚበላው?» አሉ።

ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ዝቅ አደረግሁ። ሦስተኛው ሲወርድ ቀይዋ መብራት ቆመች። ያ መስመር የውጭ በር አምፖል ላይ ይሄዳል። ወሩ ነሐሴ ነበር፣ ግቢው ዋልካ አፈር ነው፣ ውኃ አቁሯል። ስንቆፍር ሽቦው ያለ ቱቦ፣ ስንዝር በማይሞላ ጥልቀት ተቀብሮ ተገኘ። ጌሾ ሲተከል ዶማ ልጦታል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ኤሌክትሪኩ ከዚያች ቁስል ቀንና ሌሊት ወደ ረጠበው መሬት ይፈስስ ነበር።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በየ9 ሰከንዱ ማለት በሰዓት 400 ጊዜ ነው። 400 ለ1600 ሲካፈል ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በቀን 6፣ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት። ያቺ ልጅ 1000 ዋት ስቶቭ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብትጥድ ደግሞ የወሩ ድምር 15 ነው። በአሥራ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ሰው ተባረረ፤ መቶ ሰማንያው ጌሾው ሥር ተቀብሮ ቀረ። ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ጭቃ ላይ የተከራይ ልጆች በባዶ እግር ይጫወቱ ነበር። ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ ገና በ30 ሚሊአምፔር በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር በገበያ አለ፤ እዚያ ቤት ማንም አላስገባውም። አሁን ገብቷል። እትዬ የልጅቷን ስልክ ፈልገው አጡት።

ስለዚህ አከራዮች፣ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን ፈተና ራሳችሁ አድርጉት፤ ማየትና መቁጠር ብቻ ነው። አሮጌ ባለ ዲስክ ቆጣሪ ከሆነ ዲስኩ መቆም አለበት። ሁሉም ብሬከር ወርዶም ቆጣሪው የሚቆጥር ከሆነ ግን ችግሩ ከቆጣሪው እስከ ብሬከር ሳጥኑ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ ላይ መስመር የጠለፈ አለ። ያንን በራሳችሁ አትክፈቱ፣ ባለሙያ ጥሩ።

አንድ ቆጣሪን ለአምስት ቤተሰብ ማካፈልም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ለየብቻቸው ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀሩ አምስት ቤተሰቦች ተደምረው ላይኛው እርከን ላይ ይወጣሉ። ሌላው ቢቀር ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ አስገቡ። እርከኑን አይቀንስም፣ ማን ስንት እንደተጠቀመ ግን ያሳያል፤ ጠቡ በቁጥር ያልቃል።

«ማስፈተሽ ጉድለትን ማጋለጥ ነው፤ ቀለም ቀብቼ እሸጠዋለሁ።»

ገዢው አንድ ጊዜ የጠቆረ ሶኬት ካየ የዚያን ሶኬት ዋጋ ብቻ አይቀንስባችሁም። የፍርሃቱን ዋጋ ይቀንሳል። «ይህ እንዲህ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ያለውማ!» ይላል፤ ደላላውም ይቀበለዋል። ጥቂት ሜትር ሽቦና አንድ ብሬከር የሚፈታው ነገር ከዋናው ዋጋ ላይ ትልቅ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። አስፈትሻችሁ፣ አስጠግናችሁ፣ የተሠራውን በወረቀት ጽፋችሁ ለገዢው ብትሰጡት በዋጋ ክርክሩ ላይ የሚናገር አንድ ነገር በእጃችሁ አለ።

«ባሕር ዳር ሞቃት ናት፤ ቤቱ ቢሞቅ ምን ይደረጋል?»

ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቤቱን ምድጃ የሚያደርገው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ወይም ኮርኒስ ኖሮት በላዩ ያለው ሙቅ አየር መውጫ ያጣ ጣሪያ ነው። ሌላም አለ። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት በወባ ትንኝ ምክንያት መስኮቱን ገና በ12 ሰዓት ይዘጋል፣ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየመስኮቱ የትንኝ ወንፊት ማስገባት ለጤና ብቻ አይምሰላችሁ፤ ማታ መስኮት መክፈት ከቻላችሁ ቬንትሌተሩ ያርፋል። ፍሪጁንም የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው የምዕራብ ግድግዳ አንሡት፤ ከግድግዳውም ራቅ አድርጉት። በሩ ላይ ወረቀት አስይዛችሁ ስትስቡት በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል።

«ምጣድ ያው ምጣድ ነው» ይባላል። ምጣዱ ያው ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ ግን አይደለም። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ብዙ ግቢ ውስጥ ማድ ቤቱ ከጓሮ ስለሆነ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ይሄድለታል፤ ያ ሽቦ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር፣ የሽቦው ውፍረት) ከሆነ ምጣዱ በበራ ቁጥር 120 ዋት ያህል ሽቦውን ለማሞቅ ይጠፋል። በእጃችሁ ንኩት፤ ላዩ ከሞቀ ቀጭን ነው። ለዚህ ርቀት 4 ካሬ አስገቡ፣ ብሬከሩም የምጣዱ ብቻ ይሁን።

ከዚሁ ጋር «ኃይል ሲያንስ ቆጣሪው ትንሽ ስለሚቆጥር ይጠቅማል» የሚሉ እናቶች ገጥመውኛል። ማታ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ጋገራ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙቀቱ ከምጣዱ ጎንና ሥር ወደ አየር ይሄዳል። ረፋድ ላይ ጋግሩ፤ የሳምንቱንም አንድ ላይ ጨርሱት፣ የጋለ ምጣድ ሁለት ጊዜ አታግሉ።

«ቦይለር ሁልጊዜ እንደበራ ቢቆይ ይቆጥባል።» አይቆጥብም። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ከዚያ አጥፉት።

«ፍሪጅን ሌሊት ማጥፋት ይቆጥባል።» ጠዋት የሞቀውን መልሶ ያቀዘቅዛል፤ ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ወተቱ ግን ይበላሻል።

«ጢስ ዓባይ አጠገባችን ነው፣ ጣና በለስም እዚሁ ነው፤ መብራት ለእኛ ርካሽ ነው።» የጣና በለስ 460 ሜጋዋት የሚገባው ወደ አገሪቱ ቋት ነው። ታሪፉ ባሕር ዳርም ጅማም አንድ ነው።

«ሕዳሴው ስለተመረቀ ከእንግዲህ ቁጠባ አያሳስብም።» ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል። ታሪፉ ግን ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ዛሬ ትንሽ የሚመስለው ፍሳሽ በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ያስከፍላል።

የመጨረሻው፣ «የመብራት ዕዳ ከሻጩ ጋር ይሄዳል» የሚለው ነው። ዕዳው ያለው ቆጣሪው ላይ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ ከቤቱ ጋር ይቀራል። ሻጩ ሄዶ እናንተ ከገባችሁ በኋላ መስመሩ ቢቆረጥ የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝ ጠይቁ። ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን ሻጭም ገዢም፣ አከራይም ተከራይም፣ ቆጣሪው ፊት አብራችሁ ቁሙ፤ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ውሉ ላይ ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። እቃው ከመኪና ከመውረዱ በፊት፣ አንድም ሶኬት ሳይሰካ ደግሞ ቀይዋን መብራት አንድ ደቂቃ እዩአት።