እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ልጥ እንጂ ሊጥ አይደለም

የአክስቴ ልጅ ለንግድ ጓንጁ ትመላለሳለች። ባለፈው ከጓንጁ ሻንጋይ የሚወስዳት ትኬት ቆረጠች። ኋላ ላይ አውሮፕላኑ ሲ919 የሚባለው፣ ቻይናዎች ራሳቸው የሠሩት መሆኑን ስታይ ቅጣቱን ከፍላ ትኬቱን መለሰች። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ምክንያቷን ጻፈች፦ «ቻይና ሠራሽ ላይ ነፍሴን አላስይዝም። እባብ ያየ በሊጥ በረየ።»

በሊጥ!

መጀመሪያ ሳቅኩ። ዘመዶቼ በሙሉ «ልክ ነሽ እናቴ»፣ «ጥንቃቄ አይከፋም» እያሉ ሲከታተሉ ግን ተናደድኩ። ሊጡን ልብ ያለ አንድ ሰው የለም። እስቲ እባብ ያየ ሰው ቡሃቃ ውስጥ ያለ ሊጥ ምን አድርጎት ነው የሚበረግገው?

ልጥ ነው። ከዛፍ የሚላጥ፣ ለማሰሪያ የሚሆን ቅርፊት። ሚስማርና ሽቦ ከመጣ ወዲህ ከተማ ያደገ ሰው ባያውቀው አልፈርድም። እኔ የማውቀው ጎጃም፣ አያቴ ዘንድ ነው።

ባህር ዛፉ እንደተጣለ፣ ሳይደርቅ፣ ወፍራሙ ጫፍ ላይ በመጥረቢያ ይመታል። ቅርፊቱ ትንሽ ብድግ ሲል በሁለት እጅ ጨምድዶ ወደ ቀጭኑ ጫፍ መሮጥ ነው። እኛ ልጆች ማን ሳይበጥስ ረጅሙን ላጠ እያልን እንወዳደር ነበር። ሲላጥ ጥርርር ይላል። ውስጡ ነጭ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ። እጅ ላይ የሚቀረው ሽታ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ያው የባህር ዛፍ ሽታ ነው፤ ሁለት ቀን አይለቅም። ቆይቶ ከደረቀ ግን ቡናማ ይሆናል፣ ይገትራል፣ ለማሰር ሲያጥፉት ይሰበራል። ስለዚህ ተጠቅልሎ ወንዝ ውስጥ ይነከርና ድንጋይ ይጫንበታል። ቤት የሚሠራ ሰው ማገሩን በዚህ እርጥብ ልጥ ያስራል፤ ልጡ እዚያው ሲደርቅ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። አያቴ አስረው ሲጨርሱ ማገሩ ላይ በአንድ እግራቸው ቆም ይሉበት ነበር። ሲጢጥ ካላለ አለፈ ማለት ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የተነከረውን ልጥ እንዳመጣ ላኩኝ። በዚያው ሳምንት ከብት ስንጠብቅ እባብ አይቼ ነበር። ወንዙ ዳር ደርሼ ሳጎነብስ አንዱ የልጥ ጫፍ ከድንጋዩ ሥር አምልጦ ውሃው ላይ እየተጥመዘመዘ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጩኸቴን አቅልጬ ባዶ እጄን ቤት ገባሁ። አያቴ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እጄን ይዘው መለሱኝና «ንካው» አሉኝ። ነካሁት። ልጥ ነበር። ተሸክሜው ተመለስኩ።

እንግዲህ ተረቱ ከየት መጣ ለሚለው የራሴ ግምት አለኝ፤ ማስረጃ አትጠይቁኝ። ይህን ተረት የተረተው ቤት ሠሪው አይደለም ባይ ነኝ። እሱ ቀኑን ሙሉ ልጥ ሲያሽ የሚውል ሰው ነው፣ ልጥ አያስበረግገውም። የተረተው በማታ ወደ ወንዝ የተላከ እንደኔ ያለ ልጅ መሆን አለበት፣ ወይም ያንን ልጅ እጁን ይዞ የመለሰ ሽማግሌ። ደረቅ ልጥ እባብ አይመስልም፤ የሚመስለው ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው። ደግሞ እዩት፣ ልጥ የዛፍ ቆዳ ነው፣ እባብም ቆዳውን ገፎ ይጥላል። ሁለቱን ያጋጠማቸው ሰው ሁለቱንም ከቅርብ ያየ ነው። «ያየ» እና «በረየ» ቤት መምታታቸው ሌላ ሞያ ነው፤ «ደነገጠ» ቢሉት ኖሮ ይኼኔ ተረስቷል።

ደስ የሚለው ደግሞ ቻይናዎቹም ይህንኑ ተረት በራሳቸው መንገድ ይተርቱታል፦ አንድ ቀን እባብ የነደፈው አሥር ዓመት የጉድጓድ ገመድ ይፈራል ይላሉ። የጉድጓድ ገመድ! እሱም እርጥብ፣ እሱም ውሃ ዳር። የእኔን የውሃ ግምት ቻይና ድረስ ሄዶ የሚደግፍ ሌላ ምን ልፈልግ?

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። የእኛ እባብ የታወቀ ነው። «ቻይና» በእኛ አፍ የአገር ስም መሆኑ ቀርቶ ቅጽል ሆኗል። «ጫማው ቻይና ነው» ካልን ሶሉ ፋሲካን አያይም ማለት ነው። እኔም እባቡን አይቻለሁ፤ በርካሽ የገዛሁት ማከፋፈያ ሌሊት ተቃጥሎ መጋረጃዬን ሊበላው ነበር። ተረቱም እባቡን አልካደም፤ ሰውየው እባብ አይቷል። ግን ያንን ማከፋፈያ በዚያ ዋጋ እንዲሠራ ያዘዘው ማነው? ጓንጁ ድረስ ሄዶ «ከዚህ የረከሰ የለም ወይ?» የሚለው ነጋዴ ነው። የአክስቴን ልጅ እዚህ ላይ ባላነሳት ይሻላል።

አውሮፕላን እንደዚያ አይገዛም። ሲ919 መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ነው። የአገሩ ተቆጣጣሪ ፈቃድ የሰጠው መስከረም 2022፣ መንገደኛ የጫነው ግንቦት 2023። ስድስት ዓመት ሙሉ ንካው፣ ንካው ሲባል ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ደግሞ የሲኤፍኤም ነው፤ የአሜሪካው ጂኢ እና የፈረንሳዩ ሳፍራን በጋራ የያዙት ድርጅት። የዚያው ሞተር ወንድሞች ቦይንግ 737 ማክስንም ኤርባስ ኤ320 ኒዮንም ይገፋሉ። «ቻይና ሠራሽ» ብላ የሸሸችው አውሮፕላን ልቡ የሌላ አገር ነው።

ማክስን ካነሳሁ፣ እኛን የነደፈን እባብ ቻይና የተፈለፈለ አልነበረም። መጋቢት 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው ያጣንበት አውሮፕላን የታላቁ ስም፣ የቦይንግ ነው። በማግስቱ ማክስ አይብረር ብሎ ከአገራት ተቆጣጣሪዎች ሁሉ ቀድሞ ያገደው የቻይናው ነበር። ይህን ሳስብ «ስም ያለው» የሚባለው ነገር ያስፈራኛል።

ግን ሁሉም ልጥ ነው እያልኩም አይደለም። ኤምኤ60 የሚባል ባለ ፕሮፔለር የቻይና አውሮፕላን አለ። እ.ኤ.አ. 2011 ላይ ኢንዶኔዥያ ካይማና አጠገብ ባህር ገብቶ 25 ሰው ሞቷል። መርማሪዎቹ በዋናነት ያነሱት የአብራሪዎቹን አያያዝ ነው፤ ያም ሆኖ ቶንጋ ይህንኑ አውሮፕላን ስትቀበል ኒውዚላንድ ለቱሪዝም የምትሰጣትን እርዳታ እስከማቋረጥ ደርሳለች። ሲ919ንም ቢሆን የአውሮፓው ተቆጣጣሪ ገና እየፈተሸው ነው፤ 2025 ላይ ከ3 እስከ 6 ዓመት ይፈጃል ብሏል። የአክስቴ ልጅ «እሱን እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ» ብትል አፌን እዘጋ ነበር። እሱ የሰው ወግ ነው፤ ተረትም አለው፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ።

እሷ ግን ያልሆነ ተረት አነሳች። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያለ ሰው ከፊቴ ያለው ልጥ ነው፣ አይናከስም ብሎ መመስከሩ ነው። አውሮፕላኑን ለመክሰስ ብላ ነጻ አወጣችው! ድሮ ሰው ይህን የሚለው ድንጋጤው ካለፈ በኋላ፣ በራሱ እየሳቀ ነው። ወይም ሌላ ሰው በርግጎ ሲያዩት፣ አዘን ብለው፣ ለማባበል። አሁን ግን የፍርሃት ማኅተም አድርገነዋል። መኪና ላለመግዛት፣ ላለማግባት፣ ክትባት ላለመውሰድ፣ ለሁሉም «እባብ ያየ» ብሎ ማሳረፍ። ሄዶ መንካት የለም።

ይህንን ሁሉ ግሩፑ ላይ ጻፍኩላት። «ለመሆኑ በምን ሄድሽ ታዲያ?» አልኳት።

«በፈጣኑ ባቡር። ውይ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ ቡናዬ እንኳን አልተነቃነቀ!»

«ባቡሩንስ ማን ሠራው?»

ለሁለት ሰዓት ዝም። ከዚያ «አንተ ደግሞ ሊጥ ትፈጫለህ» ብላ የእንጀራ ፎቶ ላከችልኝ።