ሀዲዱ አንድ ነው ማለት ባቡሩ ይገጥማል ማለት አይደለም

የተለያየ ዓይነት ሞዴል ባቡሮች (ከእውነተኛው አንሰው የተሠሩ) በአንድ ሀዲድ ላይ አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ስለሚመላለስ አንዴ በደንብ እንየው። ስኬል ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት ጊዜ እንዳነሰ ይናገራል፤ ጌጅ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት ነው። ግራ የሚያጋቡን እንግሊዞች ናቸው፦ የእነሱ ኦኦ (OO) የሚባለው ስኬል 1:76፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው ኤችኦ (HO) 1:87፤ ሁለቱም የሚሄዱት ግን በ16.5 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ ነው። 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ በኤችኦ 23፣ በኦኦ 26 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ጎን ለጎን ሲቆሙ ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ (እኔን ዓይኔን ይቆረቁረኛል፣ ደንታ የሌለውም አለ)። መሄዱን ግን ይሄዳሉ።

የሚያስቸግረው የጀርመኑ አምራች የሜርክሊን ባለሦስት ሀዲዱ ኤችኦ ነው። ስኬሉም ጌጁም ያው ሆኖ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከመሃል ነው፤ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በኤሌክትሪክ የተገናኙ ስለሆኑ በተራው ባለሁለት ሀዲድ መስመር ላይ ሾርት ያደርጋል።

ፉርጎዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው መቀጣጠያም እንደ አምራቹና እንደ ዘመኑ ይለያያል፤ ከመግዛት በፊት እሱንም ማየት ነው።