ሲሜትሪክ ማትሪክስ ከባሕር ዳር ሲታይ

ከባሕር ዳር ወረታ በክብ ቁጥር 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከወረታ ጎንደር ደግሞ 120። ሦስቱን ከተሞች በረድፍም በዓምድም በዚሁ ቅደም ተከተል አስቀምጠን ርቀታቸውን ብንሞላ እንዲህ ይወጣል፦

0  60  180
60  0  120
180  120  0

ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ እናድርገው። ይህ ትራንስፖዝ ይባላል። ሠንጠረዡ ግን ፍንክች አይልም። እንዲህ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ ማትሪክስ ይባላል፤ ከትራንስፖዙ ጋር እኩል የሆነ ካሬ ማትሪክስ፣ ማለትም ረድፉና ዓምዱ በቁጥር እኩል የሆነ፣ ሲሜትሪክ ነው። ካሬ መሆኑ ግድ ነው። ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው ዋናው ዲያጎናልና ከሱ በላይ ያለው ከታወቀ የታችኛውን መጻፍ ትርፍ ድካም ነው። 100 በ100 የሆነ ሲሜትሪክ ማትሪክስ 10,000 ቦታ አለው፤ የሚበቃው ግን 5,050 ቁጥር ነው።

ትራንስፖዙ ምልክቱን ብቻ የሚገለብጠው ደግሞ ስኪው ሲሜትሪክ ይባላል። ዲያጎናሉ ሁሌም ዜሮ ነው፤ ከራሱ ኔጌቲቭ ጋር እኩል የሚሆን ሌላ ቁጥር የለማ! መጠኑ 3 በ3፣ 5 በ5 እያለ ጎዶሎ ሲሆን ዲተርሚናንቱም (ከማትሪክሱ ቁጥሮች የሚሰላው አንድ ቁጥር) ዜሮ ይሆናል።

ሁለቱ ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚጥመው። በአንድ የገበያ ቀን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር 60 ሰው በጀልባ መጣ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ 40 ሄደ እንበል። ሠንጠረዡ ሲሜትሪክ አይደለም። አማካዩን ስንወስድ በሁለቱም በኩል 50 ይሆናል፤ ይህ ሲሜትሪክ ክፍሉ ነው። የሚተርፈው በአንዱ በኩል 10፣ በሌላው −10 ነው፤ ይህ ስኪው ክፍሉ። የመጀመሪያው መስመሩ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ፣ ሁለተኛው ሰው ወዴት እንደሚያደላ ይናገራል። ማንኛውም ካሬ ማትሪክስ እንዲህ ለሁለት ይከፈላል፤ አከፋፈሉም አንድ ብቻ ነው።

ማትሪክስ ቬክተርን (አቅጣጫና መጠን የሚያሳይ የቁጥሮች ዝርዝር) ሲያባዛ አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫውን ያስለውጠዋል። ከመስመሩ ሳይወጣ የሚቀረው አይገን ቬክተር፣ የሚባዛበት ቁጥር አይገን ቫልዩ ይባላል። ረድፎቹ (2፣ 1) እና (1፣ 2) የሆኑትን ማትሪክስ እንውሰድ። (1፣ 1)ን ወደ (3፣ 3) ይወስደዋል፤ (1፣ −1)ን እንዳለ ይተወዋል። አይገን ቫልዩዎቹ 3 እና 1 ናቸው፤ ቬክተሮቹም ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ። አጋጣሚ አይደለም። የሪል ቁጥሮች (በቁጥር መስመር ላይ የሚገኙት) ሲሜትሪክ ማትሪክስ አይገን ቫልዩዎቹ ሁሉ ሪል መሆናቸውን ፈረንሳዊው ኮሺ በ1829 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። በ1855 ሌላው ፈረንሳዊ ኤርሚት ሐሳቡን የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩትንም ወደሚያካትቱት ኮምፕሌክስ ቁጥሮች አሻገረው፤ በስሙ የሚጠራው ኸርሚሺያን ማትሪክስ ዛሬ የኳንተም ፊዚክስ መሠረት ነው።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ የሚማር የፖሊ (የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ተማሪ ሲሜትሪክ ማትሪክስን ድልድይ ሲያሰላ ያገኘዋል። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሁለት ነጥቦችን እናስብ። አንዱ ላይ ያረፈ ጭነት ሌላውን በተወሰነ ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ያንኑ ጭነት ወደ ሌላው ነጥብ ብናዛውረው የፊተኛው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ይህ የሚሠራው አወቃቀሩ ከጭነቱ ጋር በተመጣጣኝ ልክ ዝቅ እስካለና ጭነቱ ሲነሳ ወደ ቦታው እስከተመለሰ ድረስ ነው። የድልድዩን ግትርነት የሚገልጸው ማትሪክስ ሲሜትሪክ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚሸወደው ማባዛት ላይ ነው። ሁለት ሲሜትሪክ ማትሪክሶች ሲደመሩ ውጤቱ ሲሜትሪክ ነው። ሲባዙ ግን ውጤቱ ሲሜትሪክ የሚሆነው ቅደም ተከተላቸው ቢቀያየርም ብዜቱ ካልተለወጠ ብቻ ነው።