«ስላናደደኝ ነው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ንስሐ ልገባ ከንስሐ አባቴ ፊት ቆምኩ። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ወራት አልፈው ነበር። «አባቴ፣ ወንድሜን ሰድቤዋለሁ» አልኩ። እዚያው ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ቀጠልኩ። ገንዘብ ተበድሮኝ እንዳልመለሰ፣ በሰው ፊት እንዳዋረደኝ፣ እናታችን ስትታመም እንኳ ዘግይቶ እንደመጣ ዘረዘርኩ። አባ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሳበቃ «ልጄ፣ የወንድምህን ኃጢአት ሰማሁ። አሁን ያንተን ንገረኝ» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን አነጋገር ማዳመጥ ጀመርኩ። ሥራ ዘግይቼ ስገባ «ረፈደብኝ» እላለሁ። ያረፈድኩት እኔ ነኝ። ሰው የሚያቆስል ቃል ስናገር «ከአፌ አመለጠኝ» እላለሁ፤ ቃሉ በራሱ እግር የወጣ ይመስል። ሌላ ሰበብ ሲጠፋ ደግሞ «ሰይጣን አሳስቶኝ» አለ። ሰይጣን እንደሚፈትን እናምናለን። አፌን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።

ነገሩ ከገነት ጀምሮ የነበረ ነው። አዳም «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ጥፋቱን በሔዋን፣ በዘወርዋራም በፈጣሪው አላከከ። ሔዋንም እባቡን ጠቆመች።

እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የጣሰው ንጉሥ ሳኦል ነው። ሳኦል እኮ «በድያለሁ» ብሏል (1ኛ ሳሙ. 15፥24)። ዳዊትም የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ «በድያለሁ» ብሏል (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። ቃሉ አንድ ነው። ሳኦል ግን ወዲያው ሕዝቡን ፈርቶ እንዳደረገው ተናገረ። ቀጥሎም በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ሳሙኤልን ለመነ። ዳዊት ነቢዩ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለና ዝም አለ። ቤርሳቤህ ለምን በዚያ ሰዓት ታጠበች አላለም። ኦርዮ ቤትህ ግባ ስለው ለምን እምቢ አለ አላለም። ንጉሥ ነው፤ ሰበብ ቢፈልግ አያጣም ነበር። ዘወትር በምንደግመው በመዝሙር 50ም «እኔ መተላለፌን አውቃለሁና» ይላል። የማንንም ሳይሆን፣ መተላለፌን።

የተበደለ ሰው የበዳዩን ጥፋት ይሸከም ማለቴ ግን አይደለም። የተደበደበች ሚስት «እኔው አስቆጥቼው ነው» ብትል ያ ንስሐ አይደለም። ጥፋቱ የመታት ሰው ነው። ራስን መጥላትም ንስሐ አይደለም። ዳዊት ልጁ ከሞተ በኋላ ከምድር ተነሥቶ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ እንጀራም በላ።

አሁን ንስሐ ከመግባቴ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ። በደሌን እጽፋለሁ። ከዚያ የሌላ ሰው ስም ያለበትን፣ «ስላናደደኝ»፣ «ስለጀመረኝ» የሚለውን ሁሉ እሰርዛለሁ። አንዳንዴ ከሙሉ ገጽ ሦስት መስመር ብቻ ይተርፈኛል። እነዚያን ሦስት መስመሮች ማንበብ ከባድ ነው።

ወንድሜ ቤት የሄድኩት አባ «ያንተን ንገረኝ» ባሉኝ በዚያው ሳምንት ነው። በሩ ላይ እንደቆምኩ «ሰድቤሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንተም እኮ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። እሱ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ግባ፣ ቡና ተፈልቷል» አለኝ። የገንዘቡን ነገር እስከ ዛሬ አላነሣንም።